ጉቦ ደረሰኝ የለውም፤ በጉቦ የተገዛው ውለታ ግን አለው

ጉቦ የሚሰጥ ሰው ደረሰኝ አይጠይቅም። የሚቀበለውም አይቆርጥም። ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ ይሄዳል፣ በሌላ ሰው አካውንት ይገባል፣ አንዳንዴም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ «ሙስናን በዳታ እንይዛለን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ «በየትኛው ዳታ?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ሌባ የሌብነቱን መዝገብ አይዝም።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ጉቦው ዱካ ባይኖረውም፣ ጉቦው ያስገኘው ውለታ ዱካ አለው። የመንግሥት ገንዘብ ያለ ወረቀት አይወጣም። ጨረታ ይወጣል፣ ተጫራች ይመዘገባል፣ ውል ይፈረማል፣ ደመወዝ በስም ይከፈላል። አድልዎው የሚቀመጠው እዚሁ ወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰነድ ለብቻው ሲታይ እንከን አይወጣለትም፤ ፊርማውም ማኅተሙም በቦታው ነው። ሺህ ሰነድ ጎን ለጎን ሲደረደር ግን ማንም አስቦ ያልሠራው፣ ማንም በቀላሉ ሊያጠፋውም የማይችለው መልክ ብቅ ይላል። በዳታ ሙስናን የሚያሳድዱ ሰዎች የሚፈልጉት ያንን መልክ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከገደቡ ሥር የተጠጋጉ ቁጥሮች

ከቀላሉ እንነሳ። በብዙ አገሮች የግዥ ሕግ ውስጥ የገንዘብ ገደብ አለ። ከገደቡ በታች የሆነ ዕቃ በፕሮፎርማ ወይም በቀጥታ ይገዛል። ከዚያ ሲያልፍ ግልጽ ጨረታ ይወጣል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ሳምንታት ይፈጃል። ገደቡ መኖሩ ተገቢ ነው። ለአንድ ካርቶን ወረቀት ኮሚቴ ማቋቋም ሥራ መፍታት ነው።

አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመት ግዥ በኤክሴል ተከፍቶላችኋል እንበል። ገደቡ 100 ሺህ ነው። ግዥዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ስትደረድሯቸው፣ ከ60 እስከ 90 ሺህ ድረስ አልፎ አልፎ አንድ አንድ መስመር አለ። ከዚያ በድንገት እንዲህ ይመጣል፦ 97,800፣ 98,500፣ 99,200፣ 99,200፣ 99,650፣ 99,900። ቀጥሎ እስከ 130 ሺህ ድረስ ምንም የለም።

የወንበር ዋጋ ሕጉን አያውቅም። ሕጉን የሚያውቀው ገዥው ነው። ቀኖቹን ስታዩ ደግሞ ሦስቱ ግዥዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከአንድ አቅራቢ የተፈጸሙ ናቸው። 300 ሺህ ገደማ የሚያወጣ አንድ ግዥ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ከጨረታ እንዲያመልጥ ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልኩት ለይሉኝታ አይደለም። ምናልባት የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ሌባ ሳይሆን የተቸገረ ሰው ነው። ፕሪንተሮቹ ተበላሽተው፣ ጨረታ እስኪያልቅ ሁለት ወር መጠበቅ አቅቶት የቆራረጠው ሊሆን ይችላል። ሕግ ጥሷል፤ ኪሱ የገባ ነገር ግን የለም። ሰንጠረዡ እነዚህን ሁለት ሰዎች አይለያቸውም። ሰንጠረዡ የሚነግራችሁ ከአሥር ሺህ ፋይል ውስጥ የትኞቹን ስድስት ፋይሎች ቀድማችሁ ብታስወጡ እንደሚሻል ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሁለት ኦዲተር ይዞ ሁለት መቶ መሥሪያ ቤት ለሚቆጣጠር ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ተሸናፊው የማያሸንፍባት ጨረታ

ጨረታ በዳታ ለማየት እጅግ የሚመች ነገር ነው። ሁሉም ነገሩ ይመዘገባል፤ ማን ሰነድ ገዛ፣ ማን ዋጋ አስገባ፣ ስንት አስገባ፣ ማን ተጣለ፣ ማን አሸነፈ።

በጣም የታወቀው ምልክት አንድ ተጫራች ብቻ የቀረበበት ጨረታ ነው። ተመራማሪው ሚሃይ ፋዜካሽና ባልደረቦቹ የአውሮፓን የግዥ መዛግብት በሚሊዮን ደረጃ ሰብስበው ያጠኑት ከዚህ ተነስተው ነው። አንድ ተጫራች ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ዕቃውን የሚያቀርበው አንድ ድርጅት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ምልክቶች ሲደረቡበት ግን ነገሩ ይከብዳል። ማስታወቂያው ዓርብ ማታ ወጥቶ ማክሰኞ ጠዋት ተዘግቷል። መስፈርቱ አንድ ሞዴል ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ ተጽፏል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» በሚል ዋጋው ከፍ ብሏል። ያው መሥሪያ ቤት ለያው ድርጅት ይህን ሲያደርግ አራተኛው ነው።

ሌላው ችግር በተቃራኒው በኩል ነው። ተጫራቾቹ አምስት ናቸው፣ ሁሉም ዋጋ አስገብተዋል፣ ውድድር ያለ ይመስላል። ግን አስቀድመው ተነጋግረዋል። «ይህን አንተ ውሰድ፣ የሚቀጥለውን እኔ» ተባብለዋል። ቀሪዎቹ አራቱ ለማጀብ የገቡ ናቸው። ይህን በወረቀት ማን ያየዋል?

ከጃፓን የመጣ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት የሚያሻው ነው። ኬይ ካዋይ እና ጁን ናካባያሺ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ የመንግሥት ግንባታ ጨረታዎችን ሰበሰቡ። በዚያ አሠራር መንግሥት ለራሱ በምስጢር የሚይዘው የጣሪያ ዋጋ አለ። ሁሉም ተጫራቾች ከዚያ በላይ ከጠየቁ ጨረታው ማንም ሳያሸንፍበት ይቀርና ወዲያው እነዚያው ድርጅቶች ዳግም ዋጋ ያስገባሉ።

ታዲያ በመጀመሪያው ዙር አንደኛውና ሁለተኛው በጥቂት ገንዘብ ብቻ የተለያዩባቸውን ጨረታዎች ለይታችሁ አውጡ። ልዩነቱ ከአንድ በመቶም ያነሰ ነው እንበል። በእውነት የሚፎካከሩ ከሆነ በሁለተኛው ዙር ቦታ መቀያየር አለባቸው፤ አንዴ ይሄ፣ አንዴ ያ። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት እንደዚያው ሲቀያየሩ ተገኝተዋል። አንደኛው ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንደኛ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው ድርጅት በአንድ ፀጉር ተሸንፎ፣ ዳግም ዕድል ተሰጥቶት፣ ያቺን አንድ ፀጉር ዝቅ ማለት አይፈልግም።

ለምን? ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ስለታወቀ። ሌላ አጥጋቢ ምክንያት ለማግኘት በጣም መድከም ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ እዚህ ምንም ጠቋሚ የለም፣ የተጠለፈ ስልክ የለም፣ የተናዘዘ ሰው የለም። ተጫራቾቹ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ያስገቡት ዋጋ ነው የተናገረው። እያንዳንዱን ጨረታ ለብቻ ብታዩት «አንደኛው በጥቂት አሸነፈ» ከማለት የዘለለ ነገር አታገኙም።

እንዲህ ያለውን ምርመራ በቢሮ ደረጃ ሥራዬ ብለው የያዙት አሉ። የደቡብ ኮሪያ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ከ2006 ጀምሮ የጨረታ መረጃን በራሱ እየሰበሰበ ለተጠረጠረ መመሳጠር ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት አለው። የብራዚል ፌዴራል የሒሳብ ፍርድ ቤትም አሊሲ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ የሚወጡ የጨረታ ሰነዶችን እያነበበ ችግር ያየበትን ለኦዲተሮች ይልካል። የአሊሲ ጥሩ ነገር ጨረታው ሳይጠናቀቅ መድረሱ ነው። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ኦዲት ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለማይመለስ ገንዘብ ነው።

ሁለት መዝገብ ማገናኘት

ብዙ ሰው «ዳታ» ሲባል የሚታየው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። በኔ ግምት በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ውጤት የሚመጣው ከዚያ ሳይሆን ሁለት መሥሪያ ቤቶች ለየብቻ የያዙትን ሁለት ዝርዝር ከማገናኘት ነው።

የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር አንድ ቢሮ ጋር አለ። የሞት ምዝገባ ሌላ ቢሮ ጋር አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ሞተው ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች ይወጣሉ። የደመወዝ ዝርዝሩን ለብቻው በባንክ ሒሳብ ቁጥር ብትደረድሩት ደግሞ የስምንት ሠራተኞች ደመወዝ አንድ አካውንት ውስጥ ሲገባ ልታገኙ ትችላላችሁ። ይህን ለማየት ሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መደርደር ብቻ ነው። ታንዛንያ በ2016 የመንግሥት ሠራተኞቿን መዝገብ ስታጣራ ከ10 ሺህ በላይ የሌሉ ሠራተኞች ደመወዝ ሲከፈላቸው ተገኝተዋል።

የግዥ ኮሚቴ አባላትን ዝርዝር ከድርጅቶች ባለአክሲዮኖች ዝርዝር ጋር አገናኙት። የጡረታ ተከፋዮችን ከፓስፖርት መዝገብ ጋር አገናኙት። የመሥሪያ ቤት መኪኖችን የነዳጅ ደረሰኝ ከመኪኖቹ ጥገና ቀን ጋር አገናኙት። ጋራዥ ቆሞ ነዳጅ የሚቀዳ መኪና ይወጣል።

በተግባር ግን ማገናኘቱ ወገብ ይቆርጣል። አንዱ መዝገብ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሃይሉ»። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ይብሳል። በተቃራኒው አንድ ስም ያላቸው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ተደርገው ይወሰዳሉ፤ በዚህም ንጹህ ሰው ስሙ ይጎድፋል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ በሁሉም መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት የሆነ መለያ ቁጥር ለሰውም ለድርጅትም እንዲኖር አጥብቀው የሚወተውቱት። አሰልቺ ጥያቄ ይመስላል። ያለሱ ግን የቀረው ሁሉ ግምት ነው።

የድርጅት ባለቤትነት ከሁሉ የከፋው ነው። ድርጅት «ሀ» ጨረታ አሸንፏል። ባለቤቱ ድርጅት «ለ» ነው። የ«ለ» ባለቤት ደግሞ ሩቅ ደሴት ላይ የተመዘገበ፣ የፖስታ ሳጥን እንጂ ቢሮ የሌለው ድርጅት ነው። ከዚያ ጀርባ የሚኒስትሩ ሚስት ትኑር የሩቅ ነጋዴ ይኑር አይታወቅም። በ2016 የወጣው የፓናማ ሰነዶች ጉዳይ ያን ያህል ያናወጠው ለዚህ ነው። 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ከአንድ የሕግ ቢሮ ሾልኮ ወጣ። ከ350 በላይ ጋዜጠኞች በጋራ ሠሩበት። ሰነዱን አንብቦ መጨረስ የማይታሰብ ስለነበር ሰዎችንና ድርጅቶችን በመስመር የሚያያይዝ ዳታቤዝ ውስጥ አስገቡት፤ አንድ ስም ሲጫን ከሱ ጋር የተሳሰረው ሁሉ ይታያል። የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ።

ብሪታንያ በዚያው ዓመት የድርጅቶችን እውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ ለማንም ክፍት አደረገች። በ2018 ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት መዝገቡን ሲፈትሽ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ያልሞላ በሺዎች የሚቆጠሩ «ባለቤቶች» አገኘ። ይህ እንደ ቀልድ የሚወራ ነገር ነው፤ ግን አስቡት፤ ስህተቱ የታየው መዝገቡ ክፍት ስለነበር ነው። የተቆለፈ መዝገብ ውስጥ ሕፃናት ባለሀብት ሆነው ያረጃሉ። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ግን በ2022 እንዲህ ያለ መዝገብ ለማንም ሰው ክፍት መሆኑ የግል ሕይወትን የመጠበቅ መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ብዙ አገሮች መዝገባቸውን መልሰው ዘጉ። የፍርድ ቤቱ ሐሳብ ውሃ የማያነሳ አይደለም። ግን ከመንግሥት ውል የሚወስድ ድርጅት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ካልተነገረን የትኛውም አልጎሪዝም አያድነንም።

ስለ መጀመሪያዋ አኃዝ

በዚህ ርዕስ የሚያወራ ሁሉ የቤንፎርድን ሕግ ሳያነሳ አያልፍም፤ እኔም ባጭሩ ላንሳው። በተፈጥሮ በሚበዙ ብዙ የቁጥር ክምችቶች ውስጥ በ1 የሚጀምሩት 30 በመቶ ያህል ናቸው፣ በ9 የሚጀምሩት ደግሞ 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ሳይመን ኒውካም ይህን በ1881 ያስተዋለው የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾቹ ከኋለኞቹ ይልቅ በመነካካት ብዛት አልቀው አይቶ ነው። የፊዚክስ ባለሙያው ፍራንክ ቤንፎርድ በ1938 በብዙ ዳታ ፈተሸው። ሰው ቁጥር ከራሱ ሲፈጥር አኃዞቹን አመጣጥኖ ይበትናል፤ ስለዚህ የፈጠራ ደረሰኝ ክምር ከዚህ ሕግ ያፈነግጣል።

ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ከሚገባው በላይ ይወደሳል። ጣሪያና ወለል ያላቸው ቁጥሮች፣ ለምሳሌ የአበል ክፍያ ወይም ቋሚ ደመወዝ፣ ያለ ምንም ሌብነት ሕጉን አይከተሉም። ሰው «ቤንፎርድ አልሆነም፣ ስለዚህ ተጭበርብሯል» ሲል ብትሰሙ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ማን ነው የሚያየው?

እስካሁን ባብዛኛው ያወራነው መንግሥት ራሱን ስለሚመረምርበት መንገድ ነው። ችግሩ መርማሪውም የዚያው ቤት ሰው መሆኑ ነው። ግልጽነት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ መዝገቡን ለውጭ ዓይን መክፈት።

ዩክሬን በዚህ ስሟ በደግ ይነሳል። ከ2014ቱ አብዮት በኋላ በጎ ፈቃደኞች ፕሮዞሮ የተባለ የጨረታ ሥርዓት ሠሩ፤ ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ለመንግሥት ግዥ ግዴታ ሆነ። መፈክሩ «ሁሉም ሁሉን ያያል» የሚል ነው። ማንም ሰው ጨረታውን፣ የተሸናፊዎቹን ዋጋ፣ ውሉን ከፍቶ ያያል። ጎን ለጎን ዶዞሮ የሚባል መድረክ ተከፍቶ ዜጎችና ማኅበራት የጠረጠሩትን ጨረታ ምልክት ያደርጉበታል።

በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር የመከላከያ ግዥ ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ። የሚገባም ነበር። በጥር 2023 ግን አንድ ጋዜጠኛ የሠራዊቱን የምግብ አቅርቦት ውል ይፋ አወጣ። ሱቅ ውስጥ 7 ሂሪቪንያ ገደማ የሚሸጥ እንቁላል በውሉ ላይ 17 ሂሪቪንያ ተጽፏል። መሥሪያ ቤቱ የቴክኒክ ስህተት ነው ብሎ አስተባበለ። ምክትል ሚኒስትሩ ግን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ፓርላማውም ብዙ ሳይቆይ የመከላከያ ግዥ የነጠላ ዋጋ ጭምር ይፋ የሚሆንበትን ሕግ አወጣ። ምስጢር የሆነው ምን እንደሆነ ተለይቶ ካልተጻፈ «የአገር ደኅንነት» የሚለው መጋረጃ እንቁላሉንም ይሸፍናል ማለት ነው።

ስሎቫኪያ ሌላ መንገድ ሄደች። ከ2011 ጀምሮ የመንግሥት ውል ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ በሕግ ፊት አይጸናም። ቅጣት ማስፈራራት አላስፈለገም፤ ገንዘቡን የሚፈልገው ተቋራጭ ራሱ «ውሌን አውጡልኝ» ብሎ ይወተውታል። እንዲህ ያለ ሕግ የጻፈ ሰው ቢሮ ውስጥ የሚደረገውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው።

«ይፋ ማድረግ» ግን እንደ አደራረጉ ነው። አራት መቶ ገጽ ሰነድ ስካን አድርጎ፣ ዘቅዝቆ፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ድረ ገጽ ላይ መጫንም ይፋ ማድረግ ይባላል። ያንን መደርደር አይቻልም፣ መደመር አይቻልም፣ ከሌላ መዝገብ ጋር ማገናኘት አይቻልም። መረጃ ሰጥቶ መረጃ የመንፈግ ጥበብ ነው።

ብራዚል ውስጥ ደግሞ በ2016 ጥቂት ፕሮግራመሮች ከሰዎች መዋጮ ሰብስበው ሮዚ የተባለች ሮቦት (ፕሮግራም) ሠሩ። ሥራዋ የምክር ቤት አባላት «ለሥራ አወጣን» ብለው የሚያስመልሱትን ወጪ ማየት ነበር። ዋጋው የተጋነነ ምሳ ትለይ ነበር። አንድ አባል በአንድ ቀን ባስገባው ደረሰኝ መሠረት በዚያ ቀን ስንት ኪሎ ሜትር መጓዝ እንደነበረበትም ታሰላ ነበር፤ በአውሮፕላንም የማይደረስ ከሆነ ትጠቁም ነበር። ያገኘችውን በትዊተር ትለጥፈው ነበር። ዳታው ግን የሮዚ አልነበረም። ምክር ቤቱ ደረሰኞቹን በሚነበብ መልክ ስለሚያወጣ ነው የሠራችው።

ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራው እንዳይመስላችሁ። በሕንድ ራጃስታን ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን የተባለ የገበሬዎችና የሠራተኞች ማኅበር በ1994 የሕዝብ ችሎት ይጠራ ጀመር። የመንደሩን የልማት ሥራ መክፈያ ዝርዝር ከቢሮ ያወጡና ሕዝብ በተሰበሰበበት ጮክ ብለው ያነባሉ። «እገሌ፣ ለሦስት ሳምንት የጉድጓድ ቁፋሮ ተከፍሎታል።» ሰው ይነሳና «እሱ እኮ ከሞተ ቆየ» ይላል። ከላይ ያልኩት የሁለት መዝገብ ማገናኘት ይኸው ነው፤ ሁለተኛው መዝገብ የመንደሩ ትዝታ ነው። ያ ንቅናቄ አድጎ በ2005 የወጣውን የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ ካስገኙት ግፊቶች አንዱ ሆነ።

የኡጋንዳው ታሪክም በሙያው ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ ይነሳል። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ ይልክ ነበር። ከ1991 እስከ 1995 ድረስ ያለው ሲጠና በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ የታወቀው የማዕከሉን «ይህን ላክሁ» የሚል መዝገብ ከትምህርት ቤቶቹ «ይህ ደረሰን» የሚል መዝገብ ጋር በማስተያየት ነው። ከዚያ መንግሥት የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። በ2001 የሚደርሰው ድርሻ 80 በመቶ ገደማ ሆነ። ጋዜጣው ብቻውን አይደለም፤ በዚያው ጊዜ ሌሎች ማሻሻያዎችም ነበሩ፣ ስለ ድርሻቸውም ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ግን የገንዘቡን መጠን የሚያውቅ ርእሰ መምህር ከማያውቀው የበለጠ እንደሚጮህ መገመት አይከብድም።

ሌባው ዝም ብሎ አይጠብቅም

ዳታ ሲመጣ ሌብነት ቦታ ይቀይራል። ቤን ኦልከን የተባለው ኢኮኖሚስት በኢንዶኔዥያ ከ600 በላይ መንደሮች የመንገድ ግንባታን አጠና። መሐንዲሶች አሰማርቶ የተሠሩትን መንገዶች አስቆፈረ፤ ምን ያህል አሸዋና ድንጋይ እንደገባ አስለካና ወጪ ከተባለው ጋር አስተያየ። «በእርግጠኝነት ኦዲት ትደረጋላችሁ» የተባሉት መንደሮች ውስጥ የጠፋው ወጪ በ8 ፐርሰንት ነጥብ ገደማ ቀነሰ። በጎን ግን ሥራው ላይ የሚቀጠሩ የአለቆቹ ዘመዶች በዙ። የጠፋ ድንጋይ ይለካል፤ ዘመድ መቅጠር ግን ኦዲት ወረቀት ላይ አይወጣም።

በጨረታም እንደዚያው ነው። አንድ ተጫራች መቅረብ ምልክት መሆኑ ሲታወቅ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ተጫራች ይቀርባል፤ ሁለቱ የባለቤቱ አጎቶች ናቸው። 99,900 አደገኛ ሲሆን ቁጥሩ 84,300 ይሆናል። ስለዚህ የምልክቶቹን ዝርዝር በሙሉ ይፋ ማውጣት ጥሩ ሐሳብ አይመስለኝም። ብራዚል ከ2003 ጀምሮ ያደረገችው ይሻላል፤ የሚመረመሩ ማዘጋጃ ቤቶችን በሎተሪ አወጣች። ዕጣን አስቀድሞ መሸወድ አይቻልም። የኦዲቱ ውጤት ከ2004ቱ ምርጫ በፊት የወጣባቸው ሙሰኛ ከንቲባዎች ድምፅ አጡ፤ የአካባቢ ሬዲዮ ባለበት ደግሞ ይበልጥ አጡ። ሪፖርቱ ያው ነው። ልዩነቱ የሰማው ሰው ብዛት ነው።

ምልክት ፍርድ ሲሆን

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። 10,000 ውሎች አሉ፤ ከነሱ 100ው በእርግጥ የተበላሹ ናቸው። ከመቶ ዘጠናውን በትክክል የሚለይ ጎበዝ ፕሮግራም አለን። ከተበላሹት 100 ውስጥ 90 ይይዛል፤ ደስ ይላል። ከንጹሆቹ 9,900 ውስጥ ግን ከመቶ አሥሩን ይሳሳታል፤ 990 ይሆናሉ። ጠቅላላ ምልክት የተደረገባቸው 1,080 ውሎች ናቸው። ከነሱ እውነተኛዎቹ 90። ማለትም ከአሥራ ሁለት ተጠርጣሪ አሥራ አንዱ ንጹህ ነው። በ«90 በመቶ ትክክለኛ» ፕሮግራም!

ይህን ያልተረዳ ኃላፊ እጅ ላይ ዝርዝሩ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከኔዘርላንድስ መማር ይቻላል። የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ የሚያጭበረብሩ ወላጆችን ለመለየት የአደጋ ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት ይጠቀም ነበር። የሆላንድ ዜግነት የሌለው መሆን ነጥብ ከሚያስጨምሩት ነገሮች አንዱ ነበር። ከ20 ሺህ በላይ ቤተሰቦች ያለ አግባብ አጭበርባሪ ተብለው የወሰዱትን ሁሉ እንዲመልሱ ተገደዱ። ቤት የተሸጠባቸው፣ ትዳር የፈረሰባቸው አሉ። በጥር 2021 መንግሥቱ በጉዳዩ ሥልጣን ለቀቀ።

እዚያ የተመረመሩት ድሆች እንደነበሩም ልብ በሉ። የድጎማ ተቀባይ ዳታ በእጅ ያለ፣ የተደራጀ፣ ለመመርመር ቀላል ነው። የትልቅ ተቋራጭ ዳታ ተበታትኖ፣ ጠበቃ ከቦት የተቀመጠ ነው። ፕሮግራም ደግሞ ዳታ ባለበት ነው የሚፈልገው። ድሮ የተያዙትን እያየ የሚማር ከሆነ ደግሞ ድሮ ያልተያዙትን ዓይነት ሰዎች ንጹህ ናቸው ብሎ ይማራል።

ስለዚህ ምልክት የወጣበት ፋይል ሰው እጅ መግባት አለበት። ሰነዱን የሚያስወጣ፣ መንገዱ ወይም ክሊኒኩ በእርግጥ መሠራቱን ሄዶ የሚያይ፣ የተጠረጠረውን ወገን «ምን ትላለህ?» ብሎ የሚሰማ ሰው። ከዚያም መክሰስ የሚችል፣ ሲከስ የማይባረር ሰው። ይህ ከሌለ ምልክቶቹን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ዳሽቦርድ ጌጥ ነው። ቀይ መብራት የበራባቸው አርባ ውሎች ስክሪን ላይ ተሰቅለው ክፍያው እንደቀጠለ የሚሄድበት ቢሮ ብርቅ አይደለም።

የአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ዝርዝር እጃችሁ ከገባ ውስብስብ ሶፍትዌር ከመፈለጋችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ደርድሩት። አንዴ በገንዘብ መጠን፣ አንዴ በአቅራቢ፣ አንዴ በቀን። በጀት ሊዘጋ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የተከመረውን እዩ። ከዚያ ባዶ የሆኑትን ሳጥኖች ቁጠሩ፤ የተሸናፊ ዋጋ ያልተጻፈበት፣ የውል ቁጥር የጎደለበት፣ «ልዩ ልዩ» ብቻ የተባለበት። ባዶዎቹ በየክፍሉ እኩል ተበትነው ከሆነ ስንፍና ነው። አንድ ሰው የሚፈርምባቸው ግዥዎች ላይ ብቻ ከተሰበሰቡ ግን ስልክ ደውሉና ፋይሉን ጠይቁ።